የተጣራ ደመወዝና የተጠበቀ ቃል፦ አየርላንድ ከ1980ዎቹ ቀውስ የወጣችበት ስምምነት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ አገር በዕዳና በሥራ አጥነት ሲንገዳገድ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኛ ማኅበራት ተቀራርበው እንዲሠሩ የማይመክር የለም። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚሰጥ፣ በምትኩ ምን እንደሚያገኝና ቃሉ መጠበቁ በምን እንደሚረጋገጥ ካልተነገረ ከስብሰባ መግለጫ አያልፍም። አየርላንድ በኦክቶበር 1987 የተስማማችበት የብሔራዊ ማገገሚያ መርሐ ግብር እነዚህን ጥያቄዎች በቁጥር ጭምር የመለሰ ሰነድ ነው። ሥርዓቱ ሃያ ዓመት ያህል የሠራ፣ በኋላም የፈረሰ በመሆኑ መነሻውንም መድረሻውንም ማየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተገለጹ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በድርድሩ የተሳተፉ ሰዎች በኃላፊነታቸው እንጂ በስማቸው አይጠሩም።

መነሻው፦ ቀድሞ የከሸፈ መግባባት

የሕዝቧ ብዛት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ለነበረው አየርላንድ ብሔራዊ የደመወዝ ድርድር በ1987 አዲስ ነገር አልነበረም። ከ1970 ጀምሮ አሠሪዎችና ሠራተኛ ማኅበራት በአገር አቀፍ ደረጃ እየተደራደሩ የደመወዝ ጭማሪ መጠን ይወስኑ ነበር። በ1979 እና በ1980 ደግሞ መንግሥት ራሱ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ገብቶ የሥራ ዕድልና የግብር ማሻሻያ ቃል የገባባቸው ሁለት ብሔራዊ መግባባቶች ተፈረሙ። ስለዚህ አገሪቱ የመደራደሪያ መድረክም ሆነ ፊርማ አልጎደላትም ነበር።

መግባባቱን ያፈረሰው አሠራሩ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነው ጭማሪ መደምደሚያ መሆኑ ቀርቶ መነሻ ሆነ፤ ስምምነቱ በተፈረመ ማግሥት በየድርጅቱ ሌላ ድርድር ይከፈትና አሠሪው ለአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጭማሪ ይከፍላል። መንግሥት በበኩሉ ቃል የገባውን የሥራ ዕድል የሚፈጥርበት አቅም ስላልነበረው ጉድለቱን በብድር ይሸፍናል። በ1979 ብቻ በሥራ ማቆም አድማ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሥራ ቀናት ባክነዋል፤ የፖስታ ሠራተኞች አድማ ለወራት ዘልቆ አገሪቱ ያለ ደብዳቤ ከርማለች። በጃንዋሪ 1980 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደመወዝተኞች ደብሊንን ጨምሮ በየከተማው አደባባይ ወጡ። የዚያ ሰልፍ ጥያቄ ስለ ጭማሪ ሳይሆን ስለ ግብር ነበር፤ የእነርሱ ግብር ገና ደመወዙ ሳይደርሳቸው ተቆርጦ ሲቀር፣ ገበሬውና በግል ሥራ የሚተዳደረው ከገቢው ጋር የሚመጣጠን ግብር አይከፍልም የሚል ቅሬታ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ የተገኘው መፍትሔ ፍንጩ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1981 አሠሪዎች ከብሔራዊ ድርድሩ ወጡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1987 ድረስ በግሉ ዘርፍ እያንዳንዱ ድርጅት ከራሱ ሠራተኞች ጋር ለብቻው ይደራደር ነበር።

ችግሩ

የዋጋ ግሽበት በ1981 ከ20 በመቶ አልፎ ነበር። ሠራተኛው ኑሮውን ለማሸነፍ ከግሽበቱ ያላነሰ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ጭማሪውን ሲያገኝ ግን የግብር እርከኖቹ ከዋጋ ንረቱ እኩል ስላልተስተካከሉ ወደ ከፍተኛው መጣኔ ይገፋል። በ1987 መጣኔዎቹ 35፣ 48 እና 58 በመቶ ነበሩ፤ ብዙ ሀብት የሌለው ተራ ሠራተኛም ለመጨረሻዋ ፓውንድ ግማሿን ያህል ለግብርና ለማኅበራዊ ዋስትና ይከፍል ነበር። በዚህ ምክንያት በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ሰባት ዓመታት ጥቅል ደመወዝ በየዓመቱ እየጨመረ የተጣራ ደመወዝ የመግዛት አቅም ግን ቀነሰ። አሠሪው የሠራተኛ ወጪው ናረብኝ ሲል እውነቱን ነበር፤ ሠራተኛው ኑሮዬ ወደ ኋላ ሄደ ሲልም እውነቱን ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ይዘው አንዱ ሌላውን ዋሾ አድርጎ የሚያይበት ሁኔታ የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው።

በላዩ ላይ የመንግሥት ዕዳ ከአጠቃላይ ብሔራዊ ምርቱ በልጦ ነበር፤ በ1986 መንግሥት በዓመቱ የተበደረው ብቻ የምርቱን 13 በመቶ ያህል ነው። ሥራ አጥነት 17 በመቶ ደርሷል። ወጣቱ ወደ ለንደን፣ ወደ ቦስተንና ወደ ኒው ዮርክ ይሰደዳል። በጎረቤት ብሪታንያ ደግሞ ከ1984 እስከ 1985 የቆየው የማዕድን ሠራተኞች አድማ ተሸንፎ ማኅበራቱ ከብሔራዊ ፖሊሲ መድረክ ተገፍተው ወጥተዋል። የአየርላንድ የማኅበራት መሪዎች ይህን በቅርብ ይመለከቱ ነበር። ወደ ጠረጴዛው የመለሳቸው ፍቅር ሳይሆን ይህ ሥጋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሠሪዎችንም የመለሳቸው ሥጋት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ከድርድሩ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ የተወሰደ ሲሆን፣ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለልም እርሱ ነው። ከ1973 ጀምሮ የነበረው ብሔራዊ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳዮች ምክር ቤት አሠሪዎችን፣ ማኅበራትን፣ ገበሬዎችንና ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናትን በአንድ ላይ ያቀፈ አማካሪ ተቋም ነው። ይህ ምክር ቤት በኖቬምበር 1986 እስከ 1990 ያለውን ጊዜ የሚመለከት የስትራቴጂ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ የዕዳውን መጠን፣ የበጀቱን አቅጣጫና የግብሩን መዛባት በቁጥር አስቀምጦ ዕዳው በዚያው ከቀጠለ ማንም ምንም እንደማያገኝ አሳየ። አባላቱ በሙሉ ተስማምተው ስላወጡት በቀጣዩ ዓመት ለድርድር ሲቀመጡ ቁጥሮቹን የመንግሥት ወይም የአሠሪ ቁጥር ናቸው ብሎ የሚጥል ወገን አልነበረም። ድርድሩ ችግር መኖሩን በማሳመን ላይ ጊዜ ሳያጠፋ ሸክሙን በመከፋፈል ላይ ተጀመረ።

በማርች 1987 ሥልጣን የያዘው አዲስ መንግሥት በፓርላማ አብላጫ ድምፅ አልነበረውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድርድሩን በገንዘብ ሚኒስቴር ሳይሆን በራሳቸው ጽሕፈት ቤት ሥር አደረጉት፤ የጽሕፈት ቤታቸው ከፍተኛ ኃላፊ የምክር ቤቱም ሰብሳቢ ስለነበሩ ሰነዱን የመሩት ሰው ድርድሩንም መሩት። በሴፕቴምበር 1987 የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ በደብሊን ዳርቻ ላለው ለታላ ንግድ ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር፣ መንግሥት ዕዳውን ወደሚቀንስ አቅጣጫ እስከሄደ ድረስ ለፖለቲካ ጥቅም ሲሉ እንደማይጥሉት አስታወቁ። ንግግሩ በተደረገበት በታላ ሰፈር ስም የሚጠራው ይህ አቋም የሠራተኞቹን ስምምነት አልጻፈውም፤ የሚፈርመው መንግሥት በነጋታው እንደማይወድቅ ግን ለተደራዳሪዎቹ ማስተማመኛ ሰጣቸው።

በኦክቶበር የተደረሰበት ስምምነት እስከ 1990 መጨረሻ የሚዘልቅ ነበር። ማኅበራቱ መጠነኛ ጭማሪን ተቀበሉ፤ በስምምነቱ ዘመንም የአሠሪን ወጪ የሚያንር ሌላ ጥያቄ ላለማንሣት ቃል ገቡ። አሠሪዎች ጭማሪውን ለመክፈልና በሳምንት 40 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩት ላይ አንድ ሰዓት ለመቀነስ ተስማሙ። መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ የ225 ሚሊዮን ፓውንድ የገቢ ግብር ቅናሽ ለማድረግና የማኅበራዊ ድጎማን የመግዛት አቅም ለመጠበቅ ቃል ገባ። የገበሬዎች ድርጅቶችም ፈራሚዎች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረሱ ውሳኔውን ለጉባኤ አቅርቦ ያጸደቀው በአብላጫ ድምፅ እንጂ በሙሉ ድምፅ አይደለም፤ የመንግሥት ወጪ ቅነሳ እየተካሄደ ፊርማ መስጠት አይገባም ያሉ ማኅበራት ነበሩ።

የደመወዙ አንቀጽ በቅርበት ሲታይ

የዚህን ስምምነት ባሕርይ ከየትኛውም መግቢያ ሐተታ ይልቅ የደመወዙ አንቀጽ ይናገራል። በየዓመቱ በሳምንታዊ መነሻ ደመወዝ የመጀመሪያዎቹ 120 ፓውንዶች ላይ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 2 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪው ከ4 ፓውንድ በታች ከሆነም እስከ 4 ፓውንድ ሊስተካከል ይችላል። በሳምንት 120 ፓውንድ የሚያገኝ ሠራተኛ በስሌቱ 3.60 ይደርሰዋል፤ ወለሉ ሲተገበርለት ግን 4 ፓውንድ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ያገኛል። የ200 ፓውንዱ ሠራተኛ 5.20 ያገኛል፤ ይህ 2.6 በመቶ ነው። 400 ፓውንድ የሚከፈለው 9.20 ሲያገኝ ጭማሪው 2.3 በመቶ ብቻ ይሆናል። ዝቅተኛው ተከፋይ በመቶኛ የተሻለ ያገኛል፤ ባለሙያው ግን በጥቅል ደመወዙ የቀረበትን በግብር ቅናሹ በኩል ያካክሳል። መደበኛው የግብር መጣኔ በ1990 ከ35 ወደ 30፣ ከፍተኛው ከ58 ወደ 53 በመቶ ወርዷል።

አንቀጹ ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ገጽ ሊገለጽ ይችል ነበር፤ መጠበቁንም ሠራተኛው ኢኮኖሚስት ሳይጠይቅ በደመወዝ ቀን ራሱ ያረጋግጣል። ከዚህ በፊት የተገባው ብዙ ሺህ የሥራ ዕድል የመፍጠር ቃል ይህ ባሕርይ አልነበረውም።

የሠራው

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ለአፈጻጸሙ የተቋቋመው ማዕከላዊ የክትትል ኮሚቴ ሁሉንም ፈራሚዎች በየጊዜው ያገናኝ ነበር። የትኛው ወገን የቱን ቃል እንዳዘገየ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ማኅበራቱ በወጪ ቅነሳው ላይ ያላቸውን ምሬት አደባባይ ከማውጣታቸው በፊት የሚያቀርቡበት ቦታ አገኙ፤ መንግሥትም ገቢው ሲሻሻል የግብር ቅናሹን ከገባው ቃል ከሦስት እጥፍ በላይ አሳድጎ ፈጸመው። በእኔ ግምት መተማመኑን ያጸናው ከፊርማው ይበልጥ ይህ ትርፍ ነው። ከቃሉ በታች ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቅ መንግሥት ከቃሉ በላይ ሲሰጥ፣ በ1991 ለሁለተኛው ስምምነት የተቀመጡት ማኅበራት በ1987 ከተቀመጡት ይልቅ የሚያጡት ነገር ነበራቸው።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። የዋጋ ግሽበት በ1988 ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የመንግሥት ዓመታዊ ብድር በ1989 ከብሔራዊ ምርቱ ከ3 በመቶ በታች ሆነ፤ በዚያው ዓመት በአድማ የባከነው የሥራ ቀን 100,000 እንኳ አልሞላም። ከ1994 በኋላ ኢኮኖሚው በፍጥነት አድጎ በ2000 ሥራ አጥነት ወደ 4 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ይህን ሁሉ ለስምምነቱ መስጠት ግን ስሕተት ይሆናል። በኦገስት 1986 የአየርላንድ ፓውንድ ዋጋ በ8 በመቶ ዝቅ መደረጉ ላኪዎችን ረድቷል። ከ1989 በኋላ ከአውሮፓ ማኅበረሰብ መዋቅራዊ ፈንዶች የመጣው ገንዘብ መንገዱንና ሥልጠናውን አግዟል። በአምራች ኢንዱስትሪ ላይ ከ1981 ጀምሮ የነበረው የ10 በመቶ የኩባንያ ግብር እንደ ኢንቴል ያሉ የአሜሪካ ድርጅቶችን ስቧል። ትምህርት የተስፋፋውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። የስምምነቱ ድርሻ፣ እንደምረዳው፣ እነዚህ ዕድሎች ሲመጡ አገሪቱን በአድማና በደመወዝ ሽቅድምድም የተጠመደች ሆና እንዳያገኟት ማድረጉ ነው። ፋብሪካ ለመትከል የመጣ ባለሀብት የሦስት ዓመት የደመወዝ ወጪውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ያልሠራው

የሥራ ዕድል በፍጥነት አልመጣም። ሥራ አጥነት በ1990 ወደ 13 በመቶ ቢወርድም በ1993 ተመልሶ ከ15 በመቶ አለፈ። በ1989 በስደት የወጣው ሕዝብ ከገባው በ40,000 ያህል በልጦ ነበር፤ ቁጥሩ ለትንሽ አገር እጅግ ከባድ ነው። የጤና በጀት ቅነሳው የሆስፒታል አልጋዎችን አዘግቶ የ1989ኙ ምርጫ ዋና መከራከሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ግሽበት ወደ 4 በመቶ ሲወጣ በ2.5 በመቶ ገደማ የታሰረው ጭማሪ ኪሳራ ሆነ፤ በ1990 መጀመሪያ ኮንግረሱ ከስምምነቱ እንውጣ የሚለውን ጥያቄ በልዩ ጉባኤ እስከ መክፈት ደርሶ ነበር። ለመቆየት የወሰኑት ያሸነፉት በጠባብ ልዩነት ነው።

ሥራ አጦች ደግሞ በስማቸው የተፈረመ ሰነድ ቢኖርም በጠረጴዛው ላይ ወንበር አልነበራቸውም። የእነርሱና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ተወካዮች በሙሉ ተደራዳሪነት የገቡት በ1996 በተደረገው ድርድር ነው። ከውጭ የመጡት ትላልቅ ኩባንያዎች ብዙዎቹ በብሔራዊው ጭማሪ ልክ ወይም በላይ እየከፈሉ ሠራተኛ ማኅበርን ግን አልተቀበሉም። በስምምነቱ ዘመን ውስጥ በማኅበር የተደራጀው ሠራተኛ ድርሻ ወረደ፤ ከብሔራዊ ገቢው ለደመወዝ የሚውለው ድርሻም ቀነሰ። ማኅበራቱ በደብሊን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲደመጡ በፋብሪካው ወለል እየሳሱ ነበር።

መተማመኑ ሲፈርስ

በ2008 የቤት ግንባታው ዕብጠት ሲፈነዳና ባንኮቹ ሲናጉ ይኸው ሥርዓት ተፈተነ። በ2009 መጀመሪያ መንግሥት በሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች ላይ የጡረታ ተቆራጭ ጣለ፤ በኖቬምበር የአንድ ቀን አገር አቀፍ አድማ ተደረገ። በዲሴምበር ማኅበራቱ ደመወዝ ከሚቆረጥ ያለ ክፍያ ዕረፍት እንውሰድ የሚል አማራጭ አቅርበው ድርድሩ ወደ ስምምነት ሲቃረብ ከገዥው ፓርቲ አባላት ተቃውሞ ተነሣና መንግሥት ተወው። በተከታዩ በጀት ከመጀመሪያው 30,000 ዩሮ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ እየጨመረ የሚሄድ ቅነሳ በሕግ ተጣለ። የአሠሪዎች ድርጅትም ከግሉ ዘርፍ ብሔራዊ የደመወዝ ስምምነት ወጣ።

የሚገርመው ከወራት በኋላ የሆነው ነው። በ2010 ሁለቱ ወገኖች በደብሊን ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ተገናኝተው በሕዝብ አገልግሎቱ ብቻ የሚሠራ ጠባብ ስምምነት አደረጉ። መንግሥት ደመወዝ ዳግመኛ ላለመቁረጥና ማንንም በግዴታ ላለማሰናበት ቃል ገባ፤ ማኅበራቱ የሰው ኃይል ቅነሳውን፣ የአሠራር ለውጡንና ሠራተኛ እስከ 45 ኪሎ ሜትር ርቀት ወዳለ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊዛወር እንደሚችል ተቀበሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ85 ቢሊዮን ዩሮ የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም ስትገባ ይህ ስምምነት አልፈረሰም፤ አየርላንድ በ2013 መጨረሻ ከፕሮግራሙ ስትወጣ እንደ ግሪክ በተደጋጋሚ አጠቃላይ አድማ አላለፈችም። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ በሕዝብ አገልግሎት የተቀጠሩ አዳዲሶች መነሻቸው በ10 በመቶ ዝቅ እንዲል ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ድርድሩ ሲካሄድ የማኅበር አባል ሊሆኑ አይችሉም፤ ገና አልተቀጠሩምና። አንድ መምህር ከጎረቤት ክፍል ባልደረባው ጋር እኩል ሠርቶ ያነሰ የሚያገኝበት ይህ ሁኔታ ለዓመታት የቅሬታ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው

ከዚህ ጉዳይ በቀላሉ ሊወሰድ የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው፦ በቅድሚያ ሁሉም የሚቀበሉት ቁጥር፣ ቀጥሎ ድርድር፣ ከፊርማ በኋላ ደግሞ ቋሚ ክትትል። ሦስተኛው ሲጎድል የ1979ኙ ታሪክ ይደገማል። የስምምነቱ ዘመን አጭር መሆኑም ጠቃሚ ነው፤ ሦስት ዓመት ለባለሀብቱ ዕቅድ ለማውጣት ይበቃል፣ ለሠራተኛው ደግሞ ከተበደለ የሚወጣበት በር ሩቅ አይሆንበትም።

ግብር የደመወዝ ድርድር አካል መሆኑ ለኢትዮጵያ አንባቢ የቀረበ ነገር ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየዓመቱ በሜይ ዴይ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ውስጥ የደመወዝ ግብር መቀነስና የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል መወሰን ይገኙበታል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሚሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። በአየርላንድ የታየው ልዩነት ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ መቀመጣቸው ነው። ግብሩ በአንድ በኩል ለብቻው ሲሻሻልና የደመወዝ ወለሉ በሌላ በኩል ሲጠበቅ፣ መንግሥት የሰጠው ቅናሽ በምትኩ ምንም አላስገኘለትም፤ ሠራተኛውም ያገኘውን የድርድር ፍሬ አድርጎ አይቆጥረውም።

የማይወሰደውም አለ። በ1980ዎቹ አየርላንድ ከደመወዝተኛው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የማኅበር አባል ነበር፤ በኮንግረሱ ጉባኤ የተነሣ እጅ በፋብሪካው፣ በሱቁና በትምህርት ቤቱ ያለውን ሰው ያስራል። አብዛኛው ሰው በእርሻና መደበኛ ባልሆነ ሥራ በሚተዳደርበት አገር ተመሳሳይ ሰነድ ቢፈረም የሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛውን፣ የፋብሪካውንና የባንኩን ሠራተኛ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋና የጉሊት ነጋዴዋ የሚወከሉበት መንገድ ከመጀመሪያው ካልተበጀ፣ በአየርላንድ በሥራ አጦቹና በኋላም በአዲስ ተቀጣሪዎቹ ላይ የወደቀው ሸክም እዚህ የሚወድቀው በአብዛኛው ሕዝብ ላይ ይሆናል።